በመብረቅ ወፍጮ የደረቀች ጨርቅ

ቦንጋ ውስጥ የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ይደርቃል የሚላችሁ ሰው ካለ ወይ የቦንጋን ክረምት አያውቅም፣ ወይ ልብስ አጥቦ አያውቅም። እዚህ ልብስ ይሰጣና ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። ፀሐይ ብቅ ስትል እንደገና ይሰጣል፤ ፀሐይዋ «ቀልዴን ነው» ብላ ስትገባ እንደገና ይነሳል። በመጨረሻ ባለቤቱ ተስፋ ይቆርጥና እርጥቡን ለብሶት ይወጣል፤ ልብሱም ገላው ላይ ይደርቃል። እኔ በዚህ ዘዴ ስንት ሸሚዝ እንዳደረቅኩ ሳሌን ሲያክም የኖረው የጤና ጣቢያው ሰውዬ ይመስክር።

ይህን የማወራው ግን ስለ ሸሚዝ ለማማረር አይደለም። ልብስ በማይደርቅባት በዚህች ከተማ፣ በኤሌክትሪክ ጉልበት ውሃን ቶሎ እንዲተን ያደረግኩት ሰውዬ እኔ ነኝና ልኮራባችሁ ነው። ጉራ የማትወዱ ካላችሁ ከአሁኑ ተነሱ፤ ወደ መጨረሻው ይብስብኛል።

የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ነበርኩ የምለው ፕላዝማ እስኪመጣ ነው። ያን ዘመን ያልደረሳችሁበት ካላችሁ፣ ፕላዝማ ማለት በየክፍሉ በብረት ሳጥን ተቆልፎ የተቀመጠ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ውስጡ ያለው መምህር ከሩቅ ሆኖ በእንግሊዝኛ ያለ ትንፋሽ ያስተምራል፣ ይጠይቃል፣ እንዲያስቡበት ጥቂት ሴኮንድ ይሰጣል፣ ከዚያ አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ከጎኑ እቆማለሁ። ሥራዬ ማብራትና ማጥፋት ነው። አንድ ቀን የአከራዬ የእትዬ ብርቄ ዘመድ ከደካ መጥታ «ይሄ ልጅ ሥራው ምንድን ነው?» ብትላቸው፣ «ቴሌቪዥን ይከፍታል» ሲሉ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው መምህር ካለ አሳዩኝ።

የቀረችኝ አንዲት ኩራት ላብራቶሪው ነበር። ከግቢው ጥግ ያለች አንድ ክፍል ናት። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ግን በግምገማ ላይ ዳይሬክተራችን ተነሳና፣ ፕላዝማው ሙከራውን ሁሉ ስለሚያሳይ ላብራቶሪው ሥራ ፈትቷል፣ ስለዚህ ለተሰባበሩት ዴስኮች ማስቀመጫ ይሁን አለ። እኔ ተቃወምኩ። የአመለካከት ችግር አለብህ ተባልኩ። በዚያ ዘመን ይሄ በሽታ ከተገኘባችሁ መድኃኒቱ ዝም ማለት ነበርና ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ሰኞ ዕለት፣ ክፍል ውስጥ፣ የፕላዝማው መምህር ስለ ውሃ ሞለኪውል ያወራል። የውሃ ሞለኪውል በአንድ በኩል ፖዘቲቭ፣ በሌላ በኩል ኔጌቲቭ ነው አለ። አንዷ የሌላዋን ጫፍ ይዛ ነው የምትኖረው አለ። «አሁን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ስናስገባቸው…» ሲል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተራችን እንደ ልማዱ ናፍጣ የለውም።

«ቲቸር፣ ከዚያስ?» አለች አንዲት ልጅ።

ምሕረት ናት፤ ከቢታ ገነት መጥታ ዘመድ ቤት እየኖረች የምትማር፣ ዝምተኛ ልጅ። ፕላዝማ ከገባ ወዲህ «ከዚያስ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደሜ ሞቀ። ጠመኔ አነሳሁ።

«ሺሺንዳ ላይ የገበያ ቀን አውቶቡስ ስትጠብቁ አስቡ» አልኳቸው። «ሰዉ በሙሉ እንዳይጠፋፋ እጅ ለእጅ ተያይዟል። ውሃም እንደዚያ ነው፤ እያንዳንዷ ሞለኪውል በጎረቤቶቿ ተይዛለች፣ መሄድ ብትፈልግም አይለቋትም። አሁን አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ሁሉም ሰው ፊቱን ወደዚያው አዞረ። ሲዞር ምን ይሆናል? አያያዙ ይላላል። ዳር ላይ የቆመው እጁ ሲለቀቅለት ዘሎ ይሳፈራል። የኤሌክትሪክ መስክ ጡሩምባው ነው፤ ዳር ላይ ያለችው ሞለኪውል ተነነች ማለት ነው።»

«ታዲያ ቲቸር፣ ውሃ በኤሌክትሪክ ቶሎ ይደርቃል?»

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ መምህር «እንዲህ ይባላል፤ እኔ ግን ሞክሬ አላየሁም» ይል ነበር። እኔ ግን ደሜ ሞቋል ብያችኋለሁ።

«እንዴታ! ዓርብ ላብራቶሪ ውስጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ መምህራን ማረፊያ ደረሰ። እዚያ ጋሽ ዓለሙ ተቀምጠዋል። ጋሽ ዓለሙ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ግማሹን ከተማ ያስተማሩ፣ ዳይሬክተሩንም ጭምር።

«ሰማህ ወይ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ውሃ የሚያደርቀው ሙቀት ነው፣ ነፋስ ነው። መብረቅ ውሃ ሲያደርቅ አይቼ አላውቅም። እንዲያውም ቦንጋ ላይ ውሃው የሚብሰው መብረቅ ሲመጣ ነው።»

መምህራኑ ሳቁ። ዳይሬክተሩም በሩ ላይ ቆሞ ኖሮ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ቆፍጠን አለ። «ጥሩ ነው። ዓርብ እኔም እገኛለሁ። ከሠራ ላብራቶሪው ይቆያል። ካልሠራ ቅዳሜ ዴስኮቹ ይገባሉ፤ ቁልፉንም ታስረክባለህ።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሄጄ የላብራቶሪውን ቁም ሣጥን ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ ተማሪዎች «የመብረቅ ወፍጮ» የሚሉት መሣሪያ አለ። ሁለት ክብ የመስታወት ሳህኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ እጀታው ሲዘወር በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ፤ ኤሌክትሪክ ይጠራቀምና በሁለት የነሐስ እንክብሎች መካከል ብልጭታ ይዘላል። ይዘላል የሚለው መጽሐፉ ነው። እኔ ዘወርኩ፣ ዘወርኩ፣ ክንዴ እስኪዝል ዘወርኩ። አንዲት ብልጭታ እንኳ የለም።

ምክንያቱን ሳውቀው ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። መሣሪያው አልተበላሸም። የቦንጋ አየር እርጥብ ስለሆነ መስታወቱ ላይ ስስ ውሃ ይለብሳል፤ የተፈጠረው ኤሌክትሪክ በዚያ ውሃ ላይ ሾልኮ ይጠፋል። ውሃ ለማድረቅ የመጣው መሣሪያ ራሱ ካልደረቀ አይሠራም። ቦንጋ ላይ ዕቃ ማድረቅ ብችል ኖሮ ደግሞ መሣሪያው ምን ያደርግልኛል?

ግን አንድ ቦታ አለ። የእትዬ ብርቄ ማድ ቤት ውስጥ ከምድጃው በላይ ቆጥ አለ። ኮረሪማው፣ ለዘር የተቀመጠው በቆሎ፣ ሁሉም የሚደርቀው እዚያ ነው። በአገሩ ዕቃ የሚደርቅበት ብቸኛ ቦታ ይህ ከሆነ፣ ለኮረሪማ የሆነ ለፊዚክስም ይሆናል ብዬ መሣሪያውን ተሸክሜ ገባሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ቲቸር?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«የመብረቅ ወፍጮ ነው።»

«በኢየሱስ ስም! መብረቅ ከላይ ይመጣል ስንል ከመንገድ ይዘህብን መጣህ?»

እትዬ ብርቄ የጸሎት ሰው ናቸው፤ ቤታቸውን የሚያከራዩትም ለማይጠጣና ለማያጨስ ነው። ስለ መብረቅ ግን በውላችን ላይ የተባለ ነገር ስላልነበረ፣ እቤት ውስጥ እንዳልዘውረው አስምለው ፈቀዱልኝ።

በማግሥቱ ከቆጡ ሳወርደው መሣሪያው እንደ ደረቀ ኮረሪማ ደርቋል፤ ግን ጠቁሯል። ጭስ ላይ የዋለ ነገር ጥላሸት እንደሚለብስ ቦንጋ ውስጥ ሕፃን ያውቃል። ጥላሸት ደግሞ ካርቦን ነው፤ ኤሌክትሪክን ከውሃ ይበልጥ አድርጎ ያሳልፋል። ይህን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝና ጥላሸቱን ለማስለቀቅ ደጃፉ ላይ በውሃ አጠብኩት። አጥቤ ስጨርስ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ። ከጀመርኩበት ብሼ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ዓለሙ በዚያ ሲያልፉ አዩኝ። ቆሙ። ሊስቁብኝ ነው ስል አልሳቁም።

«የመስታወት ዕቃ በአልኮል ይታጠባል እንጂ በውሃ?» አሉ። «አልኮል ቶሎ ይተናል። የኔ አልኮል ካለቀ ቆይቷል። ዳግም አረቄ ግን ሁለት ጊዜ የወጣ ስለሆነ ያው ነው።»

«ጋሽ ዓለሙ፣ ለምን ይረዱኛል? እንዳይሠራ አይደል የሚፈልጉት?»

«እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ሠርቶ እንዳያደርቅ ነው የምፈልገው።»

ሄጄ አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ ገዛሁ። በሕይወቴ አረቄ ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና ከአረቄ ቤቱ ስወጣ ፊት ለፊት ያገኘሁት ዳይሬክተሩን ነው። ጠርሙሱን ኮቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ግማሹ ወጥቶ ይታያል።

«ለመሣሪያው ነው» አልኩ።

«አይዞህ» አለኝ በሐዘኔታ። «ዓርብ እንኳ ባይሳካ፣ ሕይወት ይቀጥላል።»

የቤታችን ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳህኖቹን በአረቄ ሳብስ ሽታው ማድ ቤት ደረሰ። እትዬ ብርቄ ወጥተው አንዴ እኔን አንዴ ጠርሙሱን አዩ።

«አንተ ብትጠጣ ሰይጣን አሳተው እላለሁ» አሉ። «ብረት ማጠጣት ግን ምን ይባላል?»

«እየጠጣ አይደለም እትዬ፤ እየታጠበ ነው።»

«ሁሉም ሲጀምር እንዲህ ነው የሚለው።»

አረቄው ሲተን ሳህኖቹ ደርቀው አበሩ። ግቢው እቤት አይደለም ብዬ መሐላዬን በራሴ አተረጓጎም ተረጎምኩና እጀታውን ዘወርኩ። ጣ! ሰማያዊ ብልጭታ በሁለቱ እንክብሎች መካከል ዘለለች። ሁለተኛዋ ወደ አፍንጫዬ ዘለለች። በጀርባዬ ወደቅኩ፣ ወድቄ ሳቅኩ። የእትዬ ብርቄ አውራ ዶሮ ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ በር በኩል አላለፈም።

ዓርብ ሲነጋ ዝናቡ ይወርዳል፤ መብራትም የለም። መሣሪያውን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሼ፣ ለራሴ ምንም ሳልደርብ ወጣሁ። ሰው የታመመ ልጁን እንደዚያ አቅፎ አይሄድም። ላብራቶሪው ስደርስ ሞልቷል። የእኔ ተማሪዎች አሉ፣ የጋሽ ዓለሙ ተማሪዎች አሉ፣ ከየትም ያልሆኑ አሉ። ሁሉንም ዝናብ መቷቸዋል፤ ከዩኒፎርማቸው እንፋሎት ይነሳል። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዘወርኩ።

ምንም።

እንደገና ዘወርኩ። ምንም። ዳይሬክተሩ ዴስኮቹ በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሚደረደሩ በዓይኑ መለካት ጀመረ። ያኔ ገባኝ።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ትንፋሻችሁ ነው ያረጠበው!»

እንዲህ ብሎ ተማሪ ያባረረ መምህር ከእኔ በፊት የለም። ተማሪዎቹ እያጉረመረሙ ወጡና ጣራው ሥር ቆመው በመስኮት ያዩ ጀመር፤ ከእኔ ጋር ዳይሬክተሩና ጋሽ ዓለሙ ብቻ ቀሩ። ጠዋት የለመንኳቸው እትዬ ብርቄ ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ይዘው ደረሱ፤ ጭስ የለውም፣ አየሩን ያደርቃል።

«እንግዲያው ያደረቀው ከሰሉ ነው!» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

ይህችን ስጠብቅ ነበር። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛኑን አወጣሁ። ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ሁለት እኩል ቁራጮች በእኩል ውሃ አርሼ፣ በሁለቱ ሳህኖች ላይ አንዳንድ አኖርኩ፤ ሚዛኑ ቀጥ አለ። ከአንደኛው በላይ ብቻ፣ ቡሽ ላይ የተሰኩ የልብስ መርፌዎች ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጌ ሰቀልኩ። አንዱን የመሣሪያውን ሽቦ ከመርፌዎቹ፣ ሌላውን ከሚዛኑ አገናኘሁ።

«ከሰሉ ለሁለቱም እኩል ነው» አልኩ። «መርፌው ግን ለአንዷ ብቻ። ያቺ ቶሎ ከደረቀች ትቀልላለች፤ ሳህኗም ወደ ላይ ትወጣለች።»

ጋሽ ዓለሙ ሚዛኑን ዞረው አዩት፤ «ደህና ነው» አሉ።

ዘወርኩ። ብልጭታ! ወዲያውኑ፣ ዓይናችን እያየ፣ የመርፌዋ ሳህን ወደ ላይ ወጣች። በመስኮት ጩኸት ተነሳ፣ እትዬ ብርቄ እልል አሉ፣ እኔ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ አነሳሁ።

«እስቲ ተወው» አሉ ጋሽ ዓለሙ። «መዘወሩን ተወውና እንይ።»

እጄን ለማንሳት ብዬ መዘወሩን ትቼዋለሁ። ሳህኗ ቀስ ብላ ተመለሰች። ሚዛኑ ቀጥ አለ።

«ጎተታት እንጂ አላደረቃትም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ኤሌክትሪክ ቀለል ያለ ነገር ይስባል፤ ይህን እንኳ ማሰብ አቅቶኝ ነው እጄን የሰቀልኩት። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። ዳይሬክተሩ እጁን ለቁልፉ ዘረጋ።

ያኔ ግን ከእፍረቱ በላይ እልህ መጣብኝ። «ጋሽ ዓለሙ ልክ ናቸው» አልኩት ዳይሬክተሩን ጮክ ብዬ። «ስለዚህ እየዘወርን አናይም። ሙሉ ፔሬድ እንዘውራለን፤ እናቆማለን፣ መርፌውን እናነሳለን፣ ከዚያ እናያለን። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀጥ ካለ ቁልፉ ያንተ ነው።»

ጀመርኩ። ክንዴ ሲዝል ተማሪዎች አንድ በአንድ እየገቡ ይቀበሉኝ ጀመር። ውጭ ያሉት በደቦ አጨዳ ላይ እንደሚዘፈነው እየተቀባበሉ አዜሙልን። መሃል ላይ ጋሽ ዓለሙ ኮታቸውን አወለቁና «ማጭበርበር እንዳይኖር» ብለው እጀታውን ያዙ፤ ከሁላችንም አብልጠው ዘወሩ።

ደወል ተደወለ። አቆምን። እንክብሎቹን አነካክቼ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስለቀቅኩ። መርፌዎቹን አነሳሁ፣ ሽቦውን ፈታሁ። ሚዛኑ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ። የመርፌዋ ሳህን ከፍ ብላ ቀረች። ብዙ አይደለም። ግን ከፍ ብላለች፣ አልተመለሰችም።

ጋሽ ዓለሙ አላመኑም። ጨርቆቹን አነሱና ቦታቸውን አቀያየሩ። ሚዛኑ ወደዚያኛው አዘነበለ። ጨርቆቹን በየተራ ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ይቺ እርጥብ ናት» አሉ። «ይቺም እርጥብ ናት።» የመርፌዋን ጨርቅ መልሰው ጨመቅ አደረጉ። «ግን ይቺ ትሻላለች። ተንኗል።»

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ቀና አልኩ። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ እንደዚያ አልቆምኩም። ዳይሬክተሩ እጁን ኪሱ ከተተ።

በዚህ መሃል ምሕረት ገብታ ሽቦውን መልሳ ከመርፌዎቹ አገናኘችና እጇን ከሥራቸው አድርጋ «ቲቸር፣ እስቲ አንዴ ዘውሩት» አለች። ዘወርኩ። «ነፋስ አለው» አለች። «ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። ታዲያ ውሃውን ያተነነው ሞለኪውሉ መዞሩ ነው ወይስ ነፋሱ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንደ ሰኞ ብሆን «እንዴታ!» ብዬ አንዱን እጠራ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። «ከመርፌ ጫፍ የሚወጣው ኤሌክትሪክ አየሩን እየገፋ ነፋስ ያደርገዋል፤ ነፋሱ የበለጠውን ሳይሠራ አይቀርም። መዞሩ ምን ያህል እንደጨመረ ግን ዛሬ አላየንም።»

ልጅቷ አሰበች። ማንም ሴኮንድ አልቆጠረባትም። ዳይሬክተሩም፣ ጋሽ ዓለሙም፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀሉትም ዝም ብለው ጠበቋት።

«በመርፌው ፋንታ ጠፍጣፋ ብረት ብናደርግስ?» አለች። «ጫፍ ከሌለው ነፋሱ ይቀራል። መስኩ ግን አለ። ያኔም ከቀለለች መዞሩ ነው፤ ካልቀለለች ነፋሱ ነው።»

እኔ ይህን አላሰብኩትም። መጽሐፌም ላይ አልነበረም። ጨርቋ ስለቀለለች ከኮራሁት ይልቅ በዚህች ልጅ የኮራሁት ኩራት ይበልጣል፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ከሰሉ ነው አልኩ። ልክ በዚያ ሰዓት መብራት መጣ። ከየክፍሉ የፕላዝማው ድምፅ ተነሳ፤ ለባዶ ወንበር ይጠይቃል፣ «በጣም ጥሩ!» ይላል። የተንቀሳቀሰ ተማሪ የለም።

«ለዴስኮቹ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» አለ ዳይሬክተሩ፤ ወደ ምሕረት እያየ ነው ያለው።

ሰኞ ጠዋት ረፈድ አድርጌ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ዝናቡ እንዳለ ነው። ላብራቶሪው በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ቀረብ ስል ጋሽ ዓለሙ ናቸው፤ ክፍላቸውን በሙሉ አስከትለው፣ በብብታቸው ጠርሙስና የመስታወት ቱቦ ይዘው፣ ባርኔጣቸው ውሃ እያንጠባጠበ ቆመዋል።

«ቁልፍ የያዘ ሰው እንዲህ ያረፍዳል?» አሉኝ። «በል ክፈት፤ ክፍለ ጊዜዬ እያለቀ ነው!»

ይቅርታ አልኳቸው። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ተማሪዎቹ በሙሉ እጄን ያያሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ በር ከፍቼ አላውቅም።